ያልጀመርኩት የስመኝ ሥዕል

ለእህቴ ለስመኝ፤ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን።

ስልክሽ ሦስት ወር ስላልተነሳ ይህን ወደ ሪያድ በምትሄደው በሀዲያ እጅ ልኬዋለሁ።

በውሃ ቀለም የወግዲን ገደል ስስል የሚገዛኝ አልነበረም። አሁን ልጅ ዓረብ አገር የቀረባቸው ሰዎች ፎቶ ያመጡልኛል፤ ስዬ የምሰጣቸውን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያቆሙታል።

ትናንት እማዬ ያንቺን ፎቶ ይዛ መጣች።

«ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ላያት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም» አለች።

«ቀለም አልቋል» አልኳት።

ሣጥኑን ከፈተችው። «ይኼ ሁሉስ?»

«ደርቋል።»

«ውሃ ጠብ ሲልበት ይነሳል ትል አልነበር?»

ፎቶሽን ጠረጴዛዬ ላይ በፊቱ ደፍቼዋለሁ።

ሀዲያ ስታገኝሽ በስልኳ አንድ ቃል ተናገሪ። ስድብም ቢሆን ይበቃኛል።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

ወንድምሽ ይርዳው