እናቴን በፎም ስላሸጉልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳዳሪ፣
ስብሰባ ላይ ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ሥራውስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አየር ከማጣቴና ከቤቴ መውጣት ካለመቻሌ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤቷ ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ሴት ነኝ፤ የስፌት መኪናዋ አላስቀምጥ አለን ተብሎ ስሞታ የቀረበባት። ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ብቻዋን የምትኖረው በዕድሜ የገፋች ሴት ደግሞ እናቴ ናት። ይህን ደብዳቤ በነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ ላይ በአደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በወጉ በወረቀት ጽፌ በበሬ ሥር ላሾልከው ብሞክር ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ስላጣሁ ነው። ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አሳቢነትዎ። ብርድ፣ አቧራና ጫጫታ እንዳያስቸግረን በማለት በየበሩና በየመስኮቱ ዙሪያ፣ እንዲሁም በእኔና በእናቴ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ማጣበቂያ ያለው ፎም እንዲለጠፍ አዘዙ። ሐሳቡ ወርቅ ነው። እንዲህ ያለው ፎም በአንድ ፊቱ መቃኑ ላይ ይጣበቃል፣ በሌላው ፊቱ ደግሞ መዝጊያው ለስለስ ብሎ ያርፍበታል፤ ሰው በሩን ሲከፍት ይለቃል፣ ሲዘጋ ክፍተቱን ይደፍናል። እርስዎ ግን ለነዋሪዎ መቼ ይሰስታሉ! ግድግዳ ላይ ጌጥ የሚለጠፍበትን፣ በሁለቱም ፊቱ የሚጣበቀውን አስመጡልን። ሠራተኞቹ የላይኛውን ወረቀት ሳይልጡ ሊተዉት ሲሉ፣ ወረቀት የተለጠፈበት ጅምር ሥራ አልረከብም ብለው እርስዎ ራስዎ ቆመው አስላጧቸው። ከዚያም ሁላችንም በየቤታችን ገብተን በራችንን እንድንዘጋና ፎሙ ጥሩ አድርጎ እንዲይዝ ከውስጥ በትከሻችን እንድንገፋ መመሪያ ሰጡ። ሥራው የተጀመረው ከእኔና ከእናቴ በር ስለነበረ ክብሩ ለሁለታችን ደረሰን። ገፋን። ያዘ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥራቱ። በሩን ስስብ ስስብ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። መስኮቱም እንደ በሩ ነው፤ ቢከፈትስ ቢሆን ከውጭ የብረት ፍርግርግ አለበት። ይህን ሁሉ ዘመን ልብስ ስሰፋ ኖሬ አንድም ደንበኛ ልብሱ ውስጥ እንዳለ ሰፍቼበት አላውቅም፣ እርስዎ ግን ባንድ ጠዋት ሁለት ሰው ከነቤቱ ሰፉ። ከዚህ በኋላ ባለሙያ ነኝ ብዬ ሰው ፊት መቅረብም አፍራለሁ።

ሦስተኛውን ረጋ ብዬ ልጽፈው አስቤ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ አስም አለባት። ሐኪሟ መስኮትሽን ገርበብ አድርገሽ ኑሪ ብሏታል፤ እሱም ተለጥፏል። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ያለው እኔ ዘንድ ነው፣ የት እንዳስቀመጠችው ስለምትረሳ በየሰዓቱ ወስጄ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ይኸው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ስልክ አትይዝም፣ አልፈልግም ያለችውን አልፈልግም ነው። የእኛ ስልክ ግድግዳው ነበር። ስትነሳ ታንኳኳለች፣ እኔም አንኳኳለሁ፤ ስታስል እሰማለሁ፣ ሳሉ ከበዛባት መርፌዬን እንደሰካሁት ትቼ እሮጣለሁ። ዛሬ ግን በቡጢ ብደበድበው፣ በመቀስ ጀርባ ብመታው ፎሙ ዋጥ ያደርገዋል። እያሳለች ይሁን፣ ማሳል አቅቷት ይሁን አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ፈርቻለሁ፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሠራተኞችዎ ታዛዥነት። ለጥበቃው ብደውልለት፣ እግሩ ይባረክና፣ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ፤ የሕንፃውን አናጢም ከነመሮው ከነመዶሻው ይዞት መጣ። አናጢው በስልክ እንደነገረኝ፣ የእናቴን በር ሊፈለቅቅ ጎንበስ ሲል ግን ጥበቃው ክንዱን ያዘው፤ አስተዳዳሪው ሥራውን በዓይናቸው አይተው ሳይረከቡ ፎሙን የነካ ሰው ወዮለት ብለዋል አለው። ምን ያድርግ፣ እሱም የልጆች አባት ነው። እኔ ደጋግሜ ስደውልልዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ለእሱ ግን አንድ ጊዜ አንስተውለታል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ጥበቃው፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ባዳምጥ ከእማማ ቤት ምንም ድምፅ አይሰማም ብሎ ተጨንቆ ሲነግርዎ፣ በጣም ጥሩ፣ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው፣ መጥቼ እስካይ ማንም እንዳይነካው ብለውታል አሉ። እንኳን ደስ ያለዎት!

አምስተኛ፣ በስፌት መኪናዬ የተማረሩት ጎረቤቴ ዛሬ ገና ቤቴ ቤት ሆነ፣ ምን ያለ ጸጥታ ነው ብለው እዚሁ ግሩፕ ላይ ጽፈዋል። ያን ጊዜ እኔ ድምፄ እስኪዘጋ እየጮህኩ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ከስብሰባው ለሻይ ሲወጡ ከተመቸዎት፣ ሁለት በሮች ይከፈቱ ዘንድ አንዲት ቃል ይናገሩልን፦ የእናቴ አየር እንድታገኝ፣ የእኔ መድኃኒቷን እንዳደርስላት። ፎሙ ይበላሻል ብለው ከሰጉ አይስጉ። እኔ በእጄ መልሼ እለጥፈዋለሁ፣ ከፈለጉም የእርስዎን ቢሮ ጨምሬ፣ እርስዎ ውስጥ እንዳሉ።

መመሪያ አክብራ ራሷን በገዛ ትከሻዋ የዘጋች፣ ከቤት ወጣች ተብላ ከእንግዲህ የማትታማ፣ በማንኛውም ሰዓት ቢፈልጓት የማያጧት፣

ታዛዥ ነዋሪዎ፣
የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ልልክ ስል አናጢው ደወለልኝ። ጥበቃውን ገፍትሮ የእናቴን በር ፈልቅቆታል፤ የሚቀጡ ከሆነ እኔን ይቅጡኝ። እናቴ በሕይወት አለች። ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ እጇ እስኪያብጥ ስታንኳኳ ነው የቆየችው፤ ጥበቃው ጆሮውን ለጥፎ ሲያዳምጥም እያንኳኳች ነበር። አሁን አናጢው የእኔን በር ይዟል፣ እኔም መድኃኒቱን ጨብጬ ከውስጥ ቆሜያለሁ። እናቴ በሩ ሲከፈትላት መጀመሪያ የጠየቀችው ግን መድኃኒቷን አይደለም፤ ልጄ፣ ማንን አስቀይሜ ነው ሁላችሁም እንዲህ ዝም ያላችሁኝ ነው ያለችው። መልሱን እርስዎ ሥራውን ሊረከቡ ሲመጡ ይንገሯት።