የአስናቀች ወንበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 24፤ ጠዋት
ካቻቢቴው ተገኘ፤ አልጋ ሥር ነበር። የቮልሷን የፊት ወንበር እየፈታሁ ነው፤ የባለቤቴን፣ የአስናቀችን። ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች ወዲህ አልነካሁትም። ትናንት ከእንጦጦ ስንወርድ ፍሬን ስይዝ ልጄ ሰላም «አባዬ፣ ወንበሩ እኮ ሄደ!» ብላ ሆዷን አቀፈች። ሰባተኛ ወሯ ነው። ቡሎን ላልቶ ይሆናል።

እኩለ ቀን
የወንበሩ እጀታ ወጣ። የጎኑ ሽፋን እምቢ አለ፤ እንዳይሰነጠቅ ቀስ ብዬ ፈነቀልኩት። ወይኔ! ማስታወሻዬ፣ ብረት የለም። ከውጭ ኒኬሉ ያብረቀርቃል፣ ከውስጥ ዝገት ብቻ። በጣቴ ነካ ባደርገው ረገፈ። ወንበሩን ከወለሉ ጋር የያዘው ቅጠል የምታህል ላሜራ ብቻ ናት። ልጄን እዚህ ላይ አስቀምጬ ያን ቁልቁለት! ካቻቢቴውን አስቀመጥኩ። አቆምኩ።

ማክሰኞ 25
ሸምሱን ጠራሁት፤ ጎረቤቴ፣ በያጅ፣ አብሮ አደጌ። አጎንብሶ አየ። ውሃ ነው የበላው አለ። የምን ውሃ? ወዲያው ገባኝ። አስናቀች በታመመች ጊዜ ከጠበል ስንመለስ ልብሷ ሳይደርቅ ነበር የምትሳፈረው። ላስቲክ ላንጥፍልሽ ስላት፣ በረከት በላስቲክ አይከለከልም ትለኝ ነበር። ውሃው ሽፋኑ ሥር ገብቶ ተኛ። ሸምሱ ሊያስቀኝ ብሎ፣ «አንተ፣ ጠበሉ ሰይጣኑን ትቶ ብረቱን አስለቀቀው እኮ!» አለኝ። ሳቅሁ። ሲሄድ አለቀስኩ።

ሐሙስ 27፤ ከቅዳሴ መልስ
አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ጠበሉ እሷን አላዳነም፣ ልጇን ሊገድል ነበር። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ? ከዝገቱ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጠበሉ የተሰጠው ለሰው ነው፣ ብረቱን ማድረቅ የባለመኪናው ሥራ ነበር አሉኝ። ትንሽ ፈገግም አሉ። እኔ ግን ገና አልቀለለኝም።

ቅዳሜ 29
አይበየድም አለ ሸምሱ፤ ብየዳውን የሚይዝ ጤነኛ ብረት የለም። ሰላም ከቤቷ፣ ከመሪ ሰፈር ደወለች። የእማዬን ወንበር እንዳትጥል፣ ሰኞ ለራጉኤል እንጦጦ ስንወጣ እዚያው ነው የምቀመጠው ትላለች። እሺ፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ ልላት! አፌ ላይ ነበር። ሽፋኑን መልሼ ብገጥመው ያምራል፣ ማንም አያውቅም። ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት አባት ነኝ?

ስልኩን ዘግቼ የብረት መቁረጫውን አነሳሁ። የቀረችውን ላሜራ ቆረጥኳት። ወንበሩ እንደ ባዶ ቅርጫት በአንድ እጅ ተነሳ። ሸምሱ ሊጥለው ወሰደው። ሰላም ትቆጣ። ሰኞ ኮንትራት ታክሲ ይዘን እንወጣለን፤ እኔም ከኋላ፣ አጠገቧ።