የወለል ትምህርት ለየንታ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለየንታ ወልደ ሚካኤል፤ ደናኔ፣ እስር ቤት።

ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? እኔም እማዬም በሕይወት አለን፤ ጤናችንም ደኅና ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ የጎረቤታችን የዘሀራ ባል ነው። የጭነት መኪና እየነዳ እስከ ሞቃዲሾ ይመላለሳል፤ ከጠባቂዎቹም አንድ ወዳጅ አለው። ደብዳቤውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብበው በቃልዎ ይያዙትና ያቃጥሉት። ዳዊቱን በቃሉ ለያዘ ሰው ይህ አይከብድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ የእስር ቤቱ ሹም አስጠርቶ ሥራዎ ምን እንደነበር ይጠይቅዎታል። የንታ ነኝ፣ ቅኔ አስተምራለሁ እንዳይሉት። አናጢ ነኝ፣ የቤት ወለል በጣውላ አነጥፋለሁ ይበሉ። ካመኑዎት ወደ አዲስ አበባ ይልኩዎታል። ካላመኑዎት እዚያው መቅረትዎ ነው፤ ከዚያ ስለሚመጣው ወሬ አልጽፍልዎትም፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አናጢ መባልዎን ስነግራት እማዬ ሳቀች። እርስዎ ከተወሰዱ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «እሱ? የበርጩማዬን እግር ላጥብቅልሽ ብሎ በሁለት እግር ያስቀረብኝ?» አለች። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደና ጥቂት አስቸገረችኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። እርስዎ ሊታሰሩ አንድ ወር ሲቀር፣ በጥር ፲፱፻፳፱፣ ሰንጋ ተራ የአንድ ጣሊያን ቤት ወለል አንጥፌ ነበር። እንጨቱ ኮሶ ነው፤ ምሬቱ ለሆድ እንጂ ለወለልስ ወደር የለውም። ሁለት ክረምት አልፎበት አንዲት ጣውላ አልተነቃነቀችም። ያን ያሠራኝ መሐንዲስ አገሩ ገባ። ባለፈው ግንቦት ደግሞ የተተካው መሐንዲስ፣ በሰንጋ ተራው ወለል ላይ መሥራቴን ሰምቶ፣ እዚሁ ልደታ ሌላ ቤት ሰጠኝ። ይኼኛው ችኩል ነው። እንጨቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ያውም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጥብቀህ ግጠመው አለኝ። ክረምት ሲገባ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እርስዎ ትዝ አሉኝ፤ ይህ ሲበላሽ የሰንጋ ተራውን ቤት ሠሪ ይፈልግ ይሆናል፣ ያኔ ሠሪው እርስዎ ነዎት እለዋለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁት። እንዳለኝ አነጠፍኩት። በዕድሜዬ እያወቅሁ የሠራሁት መጥፎ ሥራ ያ ነው፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነሐሴ ላይ ወለሉ እንደ እርጉዝ ሆድ መሐሉን አበጠ፤ በሩም አልከፈት አለ። መሐንዲሱ በጥፊ አለኝና ሰንጋ ተራ ድረስ እየነዳ ወስዶኝ፣ ይህንንስ ማን ሠራው ብሎ ጠየቀኝ። ወልደ ሚካኤል የሚባሉ አናጢ ናቸው፣ እኔ ጣውላ አቀባያቸው ነበርኩ አልኩት። የት አሉ ቢለኝ፣ እናንተው አስራችኋቸዋል አልኩ። አሁን ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ለአንድ ትልቅ ሹም አምስት ክፍል ቤት እያሠራ ነው። የሹሙ ወለል ቢነሳበት ጉዱ ስለሆነ፣ እርስዎ እንዲመጡለት ለበላዮቹ ጻፈ። መልሱ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው፤ በሥራው ይመርመርና እውነት ከሆነ ይላክ ብለዋል።

እንግዲህ ትምህርትዎን ይቀበሉ። ዛሬ የንታው እኔ፣ የቆሎ ተማሪው እርስዎ ነዎት። የእንጨቱን ድርቀት በምን ታውቃለህ ቢሉዎት፣ ሁለት ጣውላ አጋጫለሁ ይበሉ፤ ደረቁ ይጮሃል፣ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። ጣውላው እንደመጣ አይነጠፍም። በሚነጠፍበት ቤት ውስጥ፣ በየመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባበት ተደርድሮ፣ የቤቱን አየር እስኪለምድ አንድ ወር ይከርማል። እያንዳንዱ ጣውላ ባንድ ጎኑ ምላስ፣ በሌላው ጎኑ አፍ አለው፤ ያንዱ ምላስ ከሌላው አፍ ይገባል። ሚስማሩ ጋደል ተደርጎ ምላሱ ላይ ይመታል፤ የሚቀጥለው ጣውላ ስለሚሸፍነው አይታይም። ሥራው ከሩቁ ግድግዳ ተጀምሮ ወደ በሩ እያፈገፈጉ ነው። ዋናውን እንዳይረሱት፤ በግድግዳው ዙሪያ የትንሽ ጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት ይተዋል። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይከሳል፤ ማበጫ ቦታ ካጣ ወደ ላይ ይነሳል። ክፍተቱን በስተመጨረሻ ቀጭን ጠርዝ ይሸፍነዋል። ከዚያ ሰም ይቀባል፤ ወርቁን እርስዎ ይጨምሩበት።

እጅዎንም ያዩታል። የዘሀራ ባል እስረኛው ድንጋይ ሲሸከም ይውላል ብሎኛል። መዳፍዎ ሻክሮ ከሆነ ለዚህ ይበጃል። እንዲህ ብዬ በመጻፌ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እንደማይዋሹ አውቃለሁ፤ የፈራሁትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ንስሐ አባታችንን ሄጄ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ «ተምሮ ያወቀውን ቢናገር ምኑ ውሸት ነው? ብቻ ቶሎ ይማር» አሉኝ። ጻድቁ ዮሴፍም ጠራቢ እንደነበር ንገረው ብለውኛል። መላጊያ የያዝኩ ጊዜ፣ እርስዎ የመምህር ገብረጊዮርጊስ ልጅ እጀ ሠሪ ሆነ ብለው ሁለት ዓመት ቤቴን እንዳልረገጡ ያስታውሳሉ፤ ለፋሲካ እንኳ አልመጡም። ያን ጊዜ ተቀይሜዎት ነበር። አሁን ቅያሜው የለም። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎችዎን ሲቆጡ እስከ እኔ ቤት ይሰማ የነበረው ድምፅዎ እንኳ ናፍቆኛል።

እግዜር ብሎ ከመጡ፣ ከመኪናው ሲወርዱ እዚያው ሥራው ቦታ ቆሜ ያገኙኛል። ከነሐሴ ወዲህ ሥራዬ ጣውላ መሸከም ነው፤ ስለዚህ ረዳትዎ ያደርጉኛል። እርስዎ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆጡኝ፤ እሱን ይችሉበታል። እኔ እሠራለሁ። አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። የእስረኛ ዘመድ አያሠሩም፤ እኔም የተመዘገብኩት የአባቴን ስም ለውጬ ነው። ወንድማማች መሆናችንን ካወቁ የእርስዎም የእኔም ነገር ያበቃል። ስለዚህ ሲያዩኝ እንዳያቅፉኝ። እንዳይስሙኝም። እንደማያውቁት ሰው እጅዎን ዘርግተው ሜትር አምጣ ይበሉኝ፤ አቀብልዎታለሁ። ዓይኔን ካዩኝ ግን አልችልምና ወደ ጣውላው ይመልከቱ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሆና በሩቁ ታይዎታለች፤ ሮጣ እንዳትመጣ ዘሀራ ትይዛታለች።

ልደታ ማርያም መንገዱን ታሳጥርልዎ፤ በጠያቂዎችዎ ፊት አንደበትዎን ታቅናልዎ። ከእንግዲህ ይህን ቃል በሰው ፊት መቼ እንደምለው ስለማላውቅ፣ እዚህ ላይ ሞልቼ ልጻፈው፦

የእናትና የአባትዎ ልጅ፣ ታናሽ ወንድምዎ
ፈቃደ ገብረጊዮርጊስ