ግራጫው መጋዝ

ጥቅምት 3

መጋዙ ሞተ። ጠዋት ሁለት መቃን ቆርጦ ሦስተኛው ላይ አጉረመረመ፣ ጨሰ፣ ዝም አለ። ባሌ ክዳኑን ፈትቶ አሸተተውና «በቃ፣ ተቃጥሏል» አለ። ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም መጥቶ አየው። ከንፈሩን መጦ ሄደ።

ሥራ ደግሞ አለብን… ደንበኛችን መምህሯ ያዘዘቻቸው መስኮቶች። ስምንት ናቸው። ማዕዘናቸው ሁሉ በሰያፍ ተቆርጦ የሚገጥም። በእጅ እንቁረጥ ብንል እስከ ከርሞም አናልቅም።

ከሰዓት ሰጋቱራውን ጠረግሁ። ሌላ የሚሠራ አልነበረም።

ጥቅምት 5

መሣሪያ መደብር ሄድን። ሻጩ አፉን በከፈተ ቁጥር «ዋስትና አለው» ይላል። ባሌ ገና ሳንወጣ በጆሮዬ «ዋስትና» ብሎ ስም አወጣለት። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቻለሁ መሰለኝ…

ሁለት የማዕዘን መጋዝ አወረደልን። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ግራጫ። ቀለማቸውን ብትተዪው መንታ ናቸው። ሞተራቸው እኩል፣ ምላጫቸው እኩል፣ ማዕዘን የሚያዞረው ሳህን እንኳ አንድ ዓይነት።

«ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት።

«አረንጓዴው መብራት አለው። መብራቱ የምላጩን ጥላ እንጨቱ ላይ ይጥለዋል፣ የሚቆርጡበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል። ግራጫው መብራት የለውም፣ ግን ፍሬን አለው። እጀታውን ሲለቁት ምላጩ ወዲያው ቀጥ ይላል።» ትንሽ አሰበና… «ሁለቱም ዋስትና አላቸው።»

«አረንጓዴው» አለ ባሌ።

«ግራጫው» አልኩ እኔ።

እኩል ነው ከአፋችን የወጣው። ሻጩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየ፣ «ቤታችሁ ተነጋገሩበትና ኑ» አለን።

ጥቅምት 6

ተነጋገርን ይባላል ይሄ?

ፍሬን ለምን እንደፈለግሁ ነገርኩት። በአሮጌው መጋዝ ሲሠራ፣ ጆሮውን በመከለያ ሸፍኖ፣ ምላጩ ገና እየዞረ እጁን ሲሰድ አይቻለሁ። አንዴ አይደለም።

«ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ስቆርጥ ኖርኩ። አሥሩም ጣቴ ይኸው» ብሎ እጆቹን ዘረጋልኝ።

«እሺ፣ ላንተስ መብራት ምን ያደርግልሃል?»

«ቤቱ ጨለማ ነው።»

መስኮት ስር እኮ ነው የምንሠራው! ቀትር ላይ ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል። ይህንኑ አልኩት። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ጥቅምት 8

እትዬ መጣች፣ የባሌ ታላቅ እህት። ኩርፊያችንን ገና ከበሩ አሸተተችው። «ለብረት ትጣላላችሁ? ሰው ለርስት ይጣላል፣ ለልጅ ይጣላል…» አለችና ከአፏ ካመለጠ በኋላ ደነገጠች። ልጅ የለንም።

ጥቅምት 9

ተመልሰን ሄድን። ዋስትና ቁራጭ ጣውላ ሰጥቶን «ሞክሩት» አለ።

ባሌ በአረንጓዴው ጀመረ። የምላጩ ጥላ የእርሳሱ መስመር ላይ ሲያርፍ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ቆረጠ። ሁለቱን ቁራጭ ሲገጥማቸው በመሀላቸው ፀጉር አያስገባም። በግራጫው ሲሆን ግን ቆመ። ጎንበስ አለ። አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አደረገ፣ ደግሞ ቀና አለ። ቆረጠው። ክፍተቱ ጥፍር ያስገባል።

«አየሽ?» አለኝ።

ሆን ብሎ ነው ያበላሸው አልኩ በልቤ። ደሜ ፈላ። ያሰበው እንዲሆንለት እንደ ሕፃን…

በዚያው በግራጫው እኔ ቆረጥኩ። ልክክ አለ። ዋስትና አጨብጭቦ «ለካ ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት!» አለ። ባሌ አልሳቀም።

ጥቅምት 10

ቁርስ ላይ፣ ሳልጠይቀው፣ «ግራጫውን እንግዛ» አለ።

«ምን ተገኘ?»

«አንቺ ያልሽው ይሁን።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

ገዛን።

ጥቅምት 14

ፍሬኑ ሸጋ ነው። እጀታውን ስለቀው ምላጩ እንደተቆጡት ውሻ ቀጥ ይላል።

የእኔ ማዕዘኖች ገጠሙ። የእሱ አፋቸውን ከፈቱ። «ሳህኑ ጠማማ ነው፣ ሸውዶናል ያ ዋስትና» አለ። ወጣ ሲል የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ አስጠግቼ ለካሁት። ሳህኑ ምንም የለበትም። አልነገርኩትም። ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ክፍተቱን ደፈንኩት። ቀለም ሲቀባ አይታይም… ተስፋዬ ነው።

ጥቅምት 18

መምህሯ ሥራውን ልታይ መጣች። ጣቷን ማዕዘኑ ላይ አሳለፈች። የደፈንኩት ረገፈ። ጨዋ ሰው ናት፣ አልጮኸችም። «የእናንተን እጅ አውቃለሁ ብዬ ነበር» ብቻ አለች። ከጩኸት ይብሳል።

እንደሄደች ባሌ የእሱን መቃኖች አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ አስደግፎ በእግሩ ሰበራቸው። አልከለከልኩትም።

ጥቅምት 19

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን ነገ ራሴም የማነበው አይመስለኝም።

ጓዳ ገብቼ ስመለስ ባሌን መጋዙ ጋ አየሁት። እሱ አላየኝም። እንጨቱን በእርሳስ አላሰመረውም፣ በቢላ ጭሮታል። ጭረቱን በግራ አውራ ጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ ፈለገው። አገኘው። ጥፍሩን እዚያው እንደተከለ፣ ጣቱን ምልክት አድርጎ፣ ምላጩን አወረደው…

ጮህኩ። እጀታውን ለቀቀ። ፍሬኑ ያዘ። ግን ፍሬን የሚይዘው ከለቀቁት በኋላ ነው። የአውራ ጣቱ ጫፍ ሰጋቱራው ላይ ወድቋል።

እጁን በጨርቅ ጠቅልዬ ጥብቅ አድርጌ ስይዝለት፣ «መስመሩ ላይ ነበርኩ» ይለኛል። «መስመሩ ላይ ነበርኩ እኮ።»

ክሊኒክ ነርሷ ሰፋችለት። ስትጨርስ የመድኃኒት ብልቃጥ አቀበለችው። እጁ ከብልቃጡ አጠገብ አየር ጨበጠ። እንደገና ሞከረ። ነርሷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ባንዴ።

ጥቅምት 20

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምና ክረምት።»

«እና ለእኔ አይነገርም?»

«ምን ብዬ? አናጺ ነኝ፣ መስመር አይታየኝም ልበልሽ?»

ምላጩ ይዙር ይቁም አይለየውም ነበር። ለዚህ ነው እጁን የሚሰደው። እኔ ድፍረት መስሎኝ… እሱ መብራት ሲል፣ እኔ ፍሬን ስል፣ ስንጨቃጨቅ የከረምነው ስለ አንድ ነገር ነበር። እሱ ያውቀዋል። እኔ አላውቀውም።

ጥቅምት 24

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ቃል አታባክንም። የሁለቱም ዓይኑ መሀል ሞቷል። ዳሩ ደህና ነው። ስለዚህ በር አይመታም፣ መንገድ አይስትም፣ አብሮት የሚኖር ሰውም አይነቃበትም። ትኩር ብሎ የሚያየው ነገር ነው የሚጠፋበት።

«ይመለሳል?» አልኳት።

«አይመለስም።»

«ባለበት ይቆማል?»

«አይመስለኝም» አለች።

ስንወጣ ክንዱን ያዝኩት። ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ።

ኅዳር 2

ዋስትና ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩትና፣ ግራጫውን በአረንጓዴው ትለውጥልኛለህ ወይ አልኩት። ያገለገለ ዕቃ አይለወጥም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ «ያምጡት» አለ። «የኔም አባት…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት። የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«በመብራቱስ ቢሆን እስከ መቼ ልቆርጥ?»

«እስከቻልክ ድረስ።»

«ተይው። ግራጫውን እኮ ላንቺ ነው የገዛነው።»

«ለኔ? እንዴት ለኔ?»

«መደብር የቆረጥሽውን ጊዜ በእጄ ዳሰስኩት። መጋጠሚያው በጣት አይያዝም። በቃ፣ ከእንግዲህ ከማሽን ጋር ብቻዋን የምትውለው እሷ ናት አልኩ። ብቻውን ለሚውል ሰው የሚቆም ምላጭ ይሻለዋል።»

ጓሮ ወጣሁ። ውሃውን ከፈትኩት። ልቅሶዬ እንዳይሰማው።

ኅዳር 5

ግራጫው እኛው ዘንድ ቀረ። የመምህሯን መስኮቶች ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ኅዳር 13

እትዬ፣ «ማሽኑን ሽጡትና ሌላ ሥራ ፈልጉ» ትላለች። ምን ሥራ? እሷም አታውቅም።

እሱ ቤት ይውላል። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ብርጭቆ ወረቀት ወስጄለት ነበር። ማለስለስ ዓይን አይፈልግም ብዬ። «አታስታምሚኝ» አለኝ። ጣቱ ሽሯል። ሌላው አልሻረም።

ድሮ ስንሠራ በየመሀሉ ይሳደብ ነበር። እንጨቱን፣ ሚስማሩን፣ መብራት ኃይልን። ጆሮዬን ይበላኝ ነበር። አሁን ጸጥታው…

ኅዳር 21

ትናንት መምህሯ መስኮቶቿን ወሰደች። ዛሬ ደግሞ አዲስ ሥራ ያዝኩ፣ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ።

ከሰዓት ቀና ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወርክሾፑን ረግጦት አያውቅም። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ቁልፎቹ አንድ ቀዳዳ ስተዋል። እኔ የእሱን የሥራ ካፖርት ደርቤ፣ በመነጽርና በአቧራ ጭምብል ተሸፍኛለሁ። ደስታዬን አልችለውም። ጭምብሉን ላወልቅ ስል ቀደመኝ። ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ለደንበኛ በሚያወጣው ድምፁ፣

«ይቅርታ፣ ለሥራ ነው የመጡት? ባለቤቴ አሁን ትመጣለች። ይጠብቋት፣ ግድ የለም። እጇ ጥሩ ነው።»

እጄ ጭምብሉ ላይ ቀረ። አፌን ብከፍት ሚስቱን አለማወቁን ያውቃል። ራሴን ነቀነቅሁለት። ቀስ ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ። ጭምብሉን አውልቄ፣ ካፖርቱን ደጅ ጥዬ፣ ፊቴን ጠርጌ ቤቱን ዞርኩት። በፊት ለፊት በር ገባሁ።

«መጣሁ» አልኩ።

ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «የት ጠፋሽ? ሰው መጥቶ ነበር። ጠብቅ ብለው ዝም ብሎኝ ሄደ።»

«ይመለሳል» አልኩት።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።