የቂብላው ግድግዳ

ማክሰኞ

ዛሬም ሰጋጆቹን ሁሉ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ይህ ካሜራ የማይታይ ብርሃን እየረጨ የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ቤቱን እንዳለ ይቀርጸዋል። ፀሐይ ካገኘው ግን ይታወራል፤ ሰው ካለፈበትም ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ እኔና አሮጌው መስጊድ ብቻችንን ነን። ቅዳሜ ያፈርሱታል። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች በላኩት ገንዘብ አዲስ በብሎኬት ይሠራል። ሳይፈርስ ለክቼ መጨረስ አለብኝ።

ምሳም እራትም ብቻዬን። የመካነ ሰላም ሰው ሰላምታ አይነፍግም፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ያወራሁት ሰው የለም።

ረቡዕ

እስከ ቀትር መብራት ጠፋ። ከዚያ ምሰሶዎቹ ግሩም ሆነው ወጡ፤ የመጥረቢያው ምት ሳይቀር ይታያል! ለማን ላሳይ? አለቃዬ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም።

የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሰይድ በሩን ከፈት አድርገው «ልጄ፣ ትንሽ እንኳ እንግባ?» አሉኝ። «ሲያልቅ» ብዬ ዘጋሁት። ዘበኛ መሰልኩ። ከፋኝ።

ሐሙስ

ጉድ ሆንኩ። ሰጋጆች የሚዞሩበት የቂብላው ግድግዳ ተጣሞ ወጣ። ካሜራው የት እንዳለ የሚያውቀው ጎርበጥ ያለ ነገር ሲያይ ነው፤ ይህ ጭቃ ግን ልሙጥ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ እምቢ። ግድግዳው ላይ የማስደግፈው ዕቃ እንዳልፈልግ ቤቱ ባዶ ነው።

ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። እያፈርኩ ግድግዳውን ተደግፈው እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸው። ሼህ ሰይድ ሳቁ፤ «ትናንት አባረርከን፣ ዛሬ ትጠራናለህ። ወላሂ፣ ግራ የገባህ ልጅ!»

ተደርድረው ተቀመጡ፤ እንዳይነቃነቁ ነገርኳቸው። አንዱ መቁጠሪያቸውን ይዘው «ተስቢህስ?» አሉ። «ጣት ብቻ ይንቀሳቀስ» አልኳቸው። ሌላው ሳል ያዛቸውና ቻሉት። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጣ። አልሐምዱሊላህ!

አርብ

ከጁምዓ በኋላ ሥዕሉን ለሼህ ሰይድ አሳየኋቸው። «መስጊድ ውስጥ የሰው ምስል አይሆንም፤ አውጣን» አሉ። እሺ አልኩ። ሙሉ ከሰዓት አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣኋቸው። ካሜራው ከኋላቸው ያለውን ስላላየ ቦታቸው ክፍት ቀረ። ጥምጥም፣ ትከሻ፣ የታጠፈ ጉልበት፤ ሁሉም ባዶ።

ቅዳሜ

ጠዋት አፈረሱት። ሰዉ ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ። ሼህ ሰይድ ኮምፒውተሩን እንድከፍት ጠየቁኝ። ክፍቶቹን በጣታቸው እየነኩ «ይህ እኔ፣ ይህ ባለ ተስቢሁ ሐጂ፣ ይህ ያ ሳል የያዘው» እያሉ ሳቁ። ከዚያ ዞር ብለው «አንተስ የቱ ነህ?»

«እኔ የለሁበትም ሼህ። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

 «ሳምንቱን ሙሉ ከኛ ጋር ከርመህ?» አሉ። «በል፣ ዛሬ እራት እኛ ዘንድ ነህ። አብሽር።»

ነገ ጠዋት በመኪና እመለሳለሁ። አሁን ግን ሸሚዜን ልቀይር። ሼህ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።