ከናዝራዊት የደበቅነው መርዶ

ይድረስ ለወንድሜ ለልዑል፤ ጁባ።

ሓወይ ልዑል፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በሚያዝያ ሲያንገላታህ የነበረው ወባ ለቀቀህ ወይ? እህል ይበላልሃል? ሙቀቱ አላስተኛን አለ ብለህ ነበር፤ ዝናቡ መጥቶ ትንሽ አበረደላችሁ? በምትውልበትና በምታድርበት ሁሉ መድኃኔዓለም ጥላ ይሁንህ። አደይን ጉልበቷ ገና ክረምቱ ሳይገባ ይዟታል፤ ቢሆንም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም። «ልጄን ዓይኑን ሳላየው እንዳትወስደኝ» እያለች ስላንተ ትጸልያለች። እኔም ልብስ ስፌቴን እየሰፋሁ አለሁ። ልጅህ ናዝራዊት አድጋለች፤ የአምና ቀሚሷን ሁለት ጊዜ አስረዝሜላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የእትዬ ዙህራ ልጅ ፋሩቅ ነው። ለንግድ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ስታነበው ይገባሃል። እባክህ ሥራ ላይ ቆመህ አታንብበው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

በጥር ባለቤትህ ሉዋም ስታርፍ፣ ፓስፖርትህ ጊዜው አልፎበት ለቀብሯ ሳትደርስ ስትቀር፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንከን። «እኔ እስክመጣ ለልጄ እንዳትነግሯት፤ ከኔ አፍ ትስማው» አልክ። ቃልህን አከበርን። ለቅሶ በተቀመጥንባቸው ሦስት ቀናት ናዝራዊት ከመንገዱ ማዶ እትዬ ዙህራ ቤት ፎቅ ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ «እናትሽ ጠበል ሄዳለች፣ ሲሻላት ትመጣለች» አልናት። እኔ ጥቁር ልብሴን ራስ መኮንን ድልድይ ሱቄ ውስጥ እለብስና፣ ወደ ቤት ስመለስ አውልቄ ባለ አበባውን ቀሚስ አደርጋለሁ። አደይ ለቅሶ ሲመጣባት ግቢ ወጥታ ቧንቧው ሥር ልብስ አጣቢ መስላ ታጎነብሳለች። ሰፈሩ ፈርሶ የዕድራችን ሰው ግማሹ ስለተበተነ፣ ድንገት ገብቶ «ነፍስ ይማር» የሚልብን እንኳ ብዙ አልነበረም። ያኔ ይህን እንደ ዕድል ቆጥሬው ነበር።

ናዝራዊት የምትውልበት አጸደ ሕፃናት አዲስ አያያዝ አለው ብዬህ ነበር። ልጆቹ በተርታ ተቀምጠው ሀ ሁ አይሉም። ክፍሉ በየጥጉ ተከፋፍሏል፤ በአንዱ ጥግ ጭቃና አሸዋ፣ በአንዱ ውሃና ጣሳ፣ በአንዱ ቆርኪ፣ ባቄላና የካርቶን ቁራጭ፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ አሻንጉሊት፣ በርጩማና የቤት ዕቃ ያለበት የጨዋታ ቤት። ጠዋት ሲገቡ ወዴት እንደሚሄዱና ምን እንደሚሠሩ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። መምህርቷ ሰርክአዲስ ትባላለች፤ ገና ልጅ እግር ናት። ሰሌዳው ጋ አትቆምም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልጆቹ የሚያደርጉትንና የሚሉትን ደብተር ላይ ትጽፋለች። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጅ በእጁ የነካውን አይረሳም፤ እኛ ከኋላ ከኋላቸው ነው የምንሄደው» ስትል፣ እኔ ለጎረቤቴ በጆሮዋ «ታዲያ ማን ይምራቸው?» አልኳት። በሩ ላይ ከሌሎቹ እናቶች ጋር «ለመጫወትማ ደጁ ነበር፣ ምን አስመዘገበን» እያልን እንሳሳቅ ነበር። አንድ ቀን ናዝራዊት ከአደይ ሊጥ ላይ ቆንጥራ «ና»ን ጠፍጥፋ ሠርታ «ይሄ እኔ ነኝ» ስትለኝ ትንሽ አፈርኩ። ግን ከሐሳቤ አልተመለስኩም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ቀን ሱቅ መብራት ጠፋና ልወስዳት ቀደም ብዬ ሄድኩ። በመስኮቱ አየኋት። ሁለት ወንበር አቁማ ነጭ ጨርቅ ወጥራባቸዋለች፤ ድንኳን መሆኑ ነው። ከሥሩ አሻንጉሊቷን ካርቶን ላይ አስተኝታ እስከ ራሷ ሸፍናታለች። አራት ልጆች በርጩማ ላይ ደርድራ፣ ባቄላውን በቆርኪ እየሰፈረች ንፍሮ ታድላቸዋለች። ኢዩኤል የሚባል ክብ ፊት ልጅ ቄስ ሆኖ የተዘጋ ጃንጥላ ይዟል። አንዷ ልጅ ጨዋታው ደስ ብሏት «ወይኔ! ወይኔ!» ብላ ስትጮህ፣ ናዝራዊት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ምን አለቻት መሰለህ? «ጮክ ብለሽ አታልቅሺ፤ ልጅቷ ትሰማለች።»

ልዑልዬ፣ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። በሩን በርግጄ ገብቼ ጨርቁን ጎትቼ ጣልኩት። «ልጄን ሟርት ታስተምሪያታለሽ? ፊደል ታስቆጥራታለች ብለን ብንሰጥሽ፣ ሬሳ ማስተኛት ታለማምጂያታለሽ?» ብዬ በልጆቹ ፊት ጮህኩባት። ሰርክአዲስ ከወለሉ ተነሣች። ድምጿን ሳታነሣ «እኔ አላስተማርኳትም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት፣ በየቀኑ ራሷ ናት የምትሠራው። ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ቢነግሩኝ ጥሩ ነው። ይህን ጨዋታ ከቀማናት የያዘችውን ነገር የት ታስቀምጠዋለች?» አለችኝ። ለሷም ቢሆን የሉዋምን ማረፍ አልነገርናትም ነበር፤ ቃል ቃል ነው ብለን ለትምህርት ቤቱም ጠበል ናት ነበር ያልነው። ናዝራዊትን በክንዷ ይዤ በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

በዚያም አላበቃሁም። በማግስቱ እናቶቹን ሰብስቤ ማመልከቻ ጻፍን። መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ የጨዋታው ቤት ተነሣ፤ አሻንጉሊቱና ጨርቁ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው፤ አሸዋው ግቢ ተደፋ፤ ዴስክ ገብቶ በተርታ ተደረደረ። ሰርክአዲስን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት አዛወሯት። እናቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጎሽ፣ አንቺ ባትኖሪ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ናዝራዊት በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ሙሉ ሀ ሁ ጽፋ መጣች። አደይ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ልጅቷ ዝም አለች። ልጅ እንደሚያኮርፈው አይደለም፤ ትልቅ ሰው ሆዱ ሲከፋው ዝም እንደሚለው ነው። ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ትቀመጣለች። እንጀራውን ትቆርስና መልሳ ታስቀምጠዋለች። አልጋ ማርጠብ ከተወች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ እንደገና ጀመራት። አደይ የጣሳ ክዳንና ቁልፍ ሰብስባ «በዚህ ተጫወቺ፣ ዓይኔ» ብትላት፣ «አይፈቀድም» አለቻት። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ሰውነቷ ምንም የለበትም አለኝ።

መጨረሻ ላይ እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ሰርክአዲስን ፍለጋ ሄድኩ። እሪ በከንቱ ሰፈር ከእናቷ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። በሩን ትዘጋብኛለች ብዬ ነበር፤ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ሉዋምን፣ ያንተን አደራ፣ ጥቁር ልብሴን። ስጨርስ ተነሥታ ያን ደብተር አመጣችና አንድ ገጽ ገልጣ ሰጠችኝ። ልጆቹ የተነጋገሩትን ቃል በቃል ጽፋዋለች። ኢዩኤል «ማን ነው የሞተው?» ይላል። ናዝራዊት «እማዬ ናት። ከእትዬ ዙህራ መስኮት ድንኳኑን አይቻለሁ» ትላለች። «አክስትሽ ታውቃለች?» ይላታል። «አታውቅም። ጠበል ሄዳለች ብላ ነው የምታስበው። አበባ ያለው ቀሚስ ትለብሳለች። እንዳትነግሯት፤ ታለቅሳለች።»

ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። እኛ ከሷ የደበቅን መስሎን፣ ለካስ እሷ ናት ከእኛ ስትደብቅ የከረመችው። የአምስት ዓመት ልጅ መርዶ ይዛ፣ ለማን እንደምትነግር ጨንቋት፣ ሐዘኗን የምታወርድበት ያችን አንድ ጥግ ብቻ ነበር ያገኘችው። እሷንም እኔ አፈረስኩባት። ሰርክአዲስ አልወቀሰችኝም። «ብትነግሪኝ ኖሮ ቢያንስ አጠገቧ እቀመጥ ነበር» ብቻ አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ከስድብ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። ታዲያ ምን ላድርግ ስላት፣ «አንቺ እንዳትነግሪያት፤ መንገር የምትፈልገው እሷ ናት። ጨርቅና ወንበር አቅርቢላት። ስታስቀምጥሽ ተቀመጪ፣ ስትናገር ስሚ። ከፊቷ አትቅደሚ» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከሱቅ ያመጣሁትን የጨርቅ ቁርጥራጭ ምንጣፉ ላይ ዘርግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አደይም ጉልበቷን እያመማት አጠገቤ ተቀመጠች። ናዝራዊት በሩን ተደግፋ አየችን። «ይፈቀዳል?» አለች። ይፈቀዳል አልኳት። ከዚያ ትልቁን ነጭ ጨርቅ መርጣ ከወንበር ወንበር ወጠረችው። አንሸራቶ ሲወድቅባት ልረዳት እጄን ሳነሣ አደይ ያዝ አደረገችኝ። ልጅቷ ሄዳ የልብስ መቆንጠጫ ይዛ መጣችና በሁለቱም በኩል ቆነጠጠችው። ትራስ አስተኝታ ሸፈነች። አደይን በግራ፣ እኔን በቀኝ አስቀመጠችን። ከዚያ ፊቴ ተንበርክካ፣ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘችና «ዳኒ፣ አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ አይደል? እማዬ ጠበል አይደለችም። ሞታለች» አለችኝ።

እንደ አዲስ ሰማሁት፣ ወንድሜ። በጥር ያላለቀስኩትን ሁሉ ያኔ አለቀስኩት። አደይ ደረቷን እየደቃች፣ ሉዋምን በስሟ እየጠራች በትግርኛ ስታለቅስ፣ እትዬ ዙህራ ከማዶ ሰምተው ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ መጡ። ናዝራዊት ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረገች «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትለኛለች። እሷ ማልቀስ የጀመረችው እኔ ካቆምኩ በኋላ ነው። እቅፌ ውስጥ ሆና እማዬን እየጠራች፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት አለቀሰች። በማግስቱ ጥቁሬን ለብሼ ከቤት ወጣሁ።

አሁን ትበላለች፤ አልጋዋም ደርቋል። ዳነች ብዬ ግን አልዋሽህም። አንዳንድ ቀን የሉዋምን ሻሽ ፊቷ ላይ አድርጋ ረጅም ሰዓት ትተኛለች። እኔም ትምህርት ቤቱ ሄጄ «ፊርማዬን አንሥቻለሁ፣ ክፍሉን መልሱላቸው» ብዬ ለመንኩ። ርዕሰ መምህሩ «እህቴ፣ ወላጅ ሁሉ የፈረመበት ነው፤ ዕቃውም ለሌላ ተሰጥቷል» አሉኝ። እናቶቹን ብጠይቅ ማንም አብሮኝ አልመጣም። ኢዩኤል ዴስክ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ አየሁት፤ አላወቀኝም፣ ወይ አውቆኝ ፈራኝ። ሰርክአዲስ በሄደችበት ትምህርት ቤት የተሰጣት ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው። ያፈረስኩትን መልሼ ማቆም አልቻልኩም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ስትደውል ናዝራዊት ስልኩን ስለምትሸሽ፣ «ልጄ ረሳችኝ» ብለህ እንዳዘንክ አውቃለሁ። አልረሳችህም። ለምን እንደምትሸሽ ስጠይቃት፣ «አባዬ አልሰማም፤ ከአፌ ቢያመልጠኝስ? መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ነው» አለችኝ። አንተ ለሷ ለመንገር ስትጨነቅ፣ እሷም ላንተ ለመንገር ስትጨነቅ ከርማችኋል። አባትሽ ያውቃል ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ከፊቷ መቅደም ይበቃኛል።

ስለዚህ ወረቀትህ እንደተስተካከለ፣ አንድ ቀን ሳታሳድር ና። ስትመጣ የምታስቀምጥህ ቦታ ተቀመጥ። አውቃለሁ እንዳትላት። እስክትጨርስ ስማት።

አብሮህ ለሚኖረው ለሃፍቶም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በወባው ጊዜ ስላስታመመህ አደይ ስሙን እየጠራች ትመርቀዋለች። ለጋራዥ ጓደኞችህም እንዲሁ። አደይ ግንባርህን ትስምሃለች። እትዬ ዙህራ «አላህ በሰላም ያምጣው» ብለውሃል። ናዝራዊት አሁን ክርኔ ሥር ቆማለች። ማንበብ ገና አትችልምና «ለአባዬ ምን አልሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬዋለሁ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ጎበዝ» ብላ ራሴን ዳበሰችኝ።

እህትህ ዳናይት
አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.