አዲሱ ዴስክቶፕ ሲወጣ

ልጄ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን አስቀድሜ ልንገርህ። ያን ኮምፒውተርህን ሌባ አልወሰደውም። አባትህ ካረፈ በኋላ አንተም ጥለኸኝ እንዳትሄድ ብዬ አልጋዬ ሥር የደበቅኩት እኔ ነኝ። አንተ ግን ሄድክ። በስልክ እየመራኸኝ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሶፍትዌር የጫንኩበት፣ «ያገለገለ ገዛሁ» ያልኩህም እሱኑ ነው።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ።

«ከቡድኔ ጋር የምንሠራው አዲሱ ዴስክቶፕ፣ ሊኑክስ ሲከፈት የሚታየው ገጽ፣ ሲወጣ እመጣለሁ» ብለኸኝ አልነበር? ስንቴ ተራዘመ! አሁን ግን ዓርብ ይወጣል ተብሏል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «አንቺ ሴትዮ፣ የምትጠብቂው ልጅ ነው ወይስ ሶፍትዌር?» እያለች ትስቅብኛለች። «ሁለቱም አብረው ነው የሚመጡት» እላታለሁ።

ፊደል ብቻዬን የቆጠርኩ ሰው ነኝና የተቆረጠ ፊደል ሳይ አያስችለኝም። በአዲሱ ዴስክቶፕ የሙከራ ቅጂ ላይ የፊደሎቹ እግር ተቆርጦ ስላየሁ ለቡድናችሁ ጻፍኩ። ድሮ የምትመልስልኝ አንተ ነበርክ፤ አሁን የመለሰልኝ በቦታህ የገባው ልጅ ነው። «እማማ፣ ተስተካክሏል» አለኝ። «ልጄስ?» ብዬ ብጽፍለት መልሶ ስለ ፊደሎቹ አብራራልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ያንተም ስልክ የማይነሳው በሥራ ብዛት ነው።

ፊደሎቹ አሁን እግራቸው ሙሉ ነው። አልጋህን አንጥፌያለሁ፤ ኮምፒውተሩንም ጠረጴዛህ ላይ መልሼዋለሁ። ዓርብ ባይመችህ ቅዳሜም አለ፤ እሑድም አለ።

በደህና ያገናኘን። ይህን ደብዳቤ የሚቀበለው ያው በቦታህ የገባው ልጅ ነው፤ ወዳንተ የሚያደርስልኝ ሌላ ሰው አላውቅም።